ለ23 ቀን ማንም ያልሰማው ጩኸት፦ አንድ ሬይድ 5 እንዴት እንደወደቀና እንዴት እንደተነሳ

ይህን ጉዳይ የምጽፈው እኔም ስለተሳሳትኩበት ነው። ሌላ ሰው ያበላሸውን እንዳስተካከልኩ አድርጌ ብጽፈው ይቀለኝ ነበር። ግን ሬይዱን፣ ማለትም ብዙ ዲስኮችን እንደ አንድ የሚያሠራውን ቅንጅት፣ የመጨረሻውን ምት የመታሁት እኔ ነኝ። ድርጅቱና ሰዎቹ አይጠቀሱም። ቁጥሮቹ በወቅቱ ከያዝኩት ማስታወሻ የተወሰዱ ናቸው።

የነበረው ሁኔታ

ስድስት ሰዎች ያሉበት የቪዲዮ ቡድን ነው። ሦስት ኤዲተሮች፣ ሁለት ካሜራ የሚይዙ፣ አንድ ደግሞ ሥራውን የምትመራ ሴት። ጥሬ ቀረጻው፣ ፕሮጀክት ፋይሉ፣ ያለቀው ሥራ፣ ሁሉም የሚቀመጠው ሊኑክስ በተጫነበት አንድ ሰርቨር ላይ ነበር።

ሰርቨሩ ውስጥ አራት ባለ 4 ቴራባይት ሃርድ ዲስኮች ነበሩ። በሬይድ 5 ስለተጣመሩ ሰዎቹ የሚያዩት ባለ 12 ቴራባይት አንድ ትልቅ ዲስክ ነው። አራቱም በአንድ ቀን የተገዙ፣ አንድ ዓይነት ሞዴል፣ ለተራ ዴስክቶፕ የተሠሩ ናቸው። አምስት ዓመት ሊሞላቸው ትንሽ ሲቀር ቀን ከሌት ሲሽከረከሩ ኖረዋል።

ባክአፕ ይኖር እንደሆነ ጠየቅኩ። "ሬይድ ነው እኮ" ተባልኩ። ይህን መልስ ከብዙ ሰው ሰምቼዋለሁ። እውነቱን ለመናገር ከዓመታት በፊት እኔም ብዬዋለሁ።

ሬይድ 5 ምን ያደርጋል?

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ላብራራ። ኋላ ላይ ስለሚያስፈልገን የሚያውቅም አይዝለለው።

ሐሳቡ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ ነው። ዴቪድ ፓተርሰን፣ ጋርዝ ጊብሰንና ራንዲ ካትዝ በ1988 ባወጡት ጽሑፍ ቀላል ጥያቄ አነሱ። አንድ ትልቅና ውድ ዲስክ ከመግዛት ብዙ ትንንሽና ርካሽ ዲስኮችን አቀናጅቶ መጠቀም አይሻልም ወይ? መልሱ ይሻላል ነው። ችግሩ ዲስክ በበዛ ቁጥር አንዱ የመበላሸቱ ዕድልም መብዛቱ ነው። ስለዚህ ትርፍ መረጃ መያዝ ግድ ሆነ። ጽሑፉ ከ1 እስከ 5 ያሉትን ደረጃዎች ዘረዘረ። ሬይድ 0 የሚባለው ምንም ትርፍ መረጃ የሌለው፣ ለፍጥነት ብቻ የሚሠራ ነው። ዜሮነቱ እዚያ ላይ ነው።

ሬይድ 5 ትርፉን የሚይዘው ፓሪቲ በሚባል ዘዴ ነው። በአራቱ ዲስኮች ላይ አንድ ዓይነት ቦታ ላይ ያሉትን አራት ቢቶች እንይ። ሦስቱ ዳታ ናቸው። አራተኛው ፓሪቲ ነው። ደንቡ አንድ ብቻ ነው፤ የ1ዎቹ ብዛት ሁልጊዜ ተጋማሽ ቁጥር መሆን አለበት። ዳታው 1፣ 0፣ 0 ከሆነ ፓሪቲው 1 ይሆናል። የመጀመሪያው ዲስክ ቢጠፋ የሚቀረው 0፣ 0፣ 1 ነው። አንድ ብቻ 1 ስላለ የጠፋው 1 መሆን አለበት። በቃ፣ ይኸው ነው። ፓሪቲው አንድ ዲስክ ላይ ብቻ እንዳይከማች በየተራ በአራቱም ላይ ይዞራል። አንድ ዲስክ ሲጠፋ የተቀሩት ሦስቱ ያወጡታል። ሁለት ሲጠፋ ግን ሒሳቡ አይሠራም።

ሐሙስ ጠዋት

የደወለችልኝ ሥራ የምትመራው ሴት ናት። "ሰርቨሩ ዛሬ ተኝቷል። አንድ ፎልደር ለመክፈት ደቂቃ ይፈጅበታል" አለችኝ።

ሄጄ የሬይዱን ሁኔታ አየሁ። አራት ምልክት መኖር ባለበት መስመር ላይ ሦስት ምልክትና አንድ ሰረዝ ነበር። ይህ ማለት 4ኛው ዲስክ ከጨዋታ ውጭ ነው። ሎጉን፣ ማለትም የሰርቨሩን የድርጊት መዝገብ፣ ወደ ኋላ ስገልጥ የወጣው ያን ቀን አልነበረም። ከወጣ 23 ቀን ሆኖታል።

ሰርቨሩ ዝም አላለም። ኢሜይል ልኳል፤ የላከው ግን ከሁለት ዓመት በፊት ሥራ ለለቀቀ ቴክኒሻን ነው። ጮኋልም። ከዲስኮቹ ሳጥን ላይ ያለው ማንቂያ ቢፕ ቢፕ ሲል አንዱ ኤዲተር ማጥፊያውን ተጫነው። አልፈርድበትም። ሳጥኑ ያለው የድምፅ መቅጃው ክፍል በር ላይ ነው። ያን ቀን ትረካ እየተቀዳ ነበር። "አቁም የሚል የሚመስል ቁልፍ ነበረ፣ ተጫንኩት፣ ቆመ" አለኝ። ቁልፉም የተሠራው ለዚሁ ነው።

ስለዚህ ሬይዱ የሚጠበቅበትን አድርጓል። አንድ ዲስክ ወድቆ ሥራ ሳይቋረጥ 23 ቀን አሳልፏል። ሬይድ ለባለቤቱ የሚሰጠው ጊዜ ነው። እነሱ ጊዜው እንደተሰጣቸው አላወቁም።

የእኔ ስህተት

በዚህ ሰዓት ዳታው በሙሉ ይነበባል። ሦስት ዲስክ አለ፤ ሒሳቡ ይሠራል። አንድ ብቻ ትርፍ ዲስክ በቦርሳዬ ይዤ ነበር። ልምዱ እጄን መራው። 4ኛውን አውጥቼ አዲሱን ከተትኩና ሪቢልድ፣ ማለትም የጎደለውን ዲስክ ይዘት ከሦስቱ አስልቶ አዲሱ ላይ መጻፍ፣ አስጀመርኩ። ከቀኑ 11 ሰዓት ነበር። ሰዎቹ ሥራቸውን ስላላቆሙ 11 ሰዓት ያህል እንደሚፈጅ ሰርቨሩ ገመተልኝ። ደስ ብሎኝ ወደ ቤት ሄድኩ።

ከሌሊቱ 7 ሰዓት ገደማ፣ 71 በመቶ ላይ ሲደርስ፣ 2ኛው ዲስክ አንድ ሴክተር፣ ማለትም አንዲት ትንሽ የዲስክ ቁራሽ፣ ማንበብ አቃተው። ለዴስክቶፕ የተሠራ ዲስክ እንዲህ ሲገጥመው ተስፋ አይቆርጥም። ያንኑ ቦታ ደጋግሞ ይሞክራል፤ አንዳንዴ ከአንድ ደቂቃ በላይ። የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነል ደግሞ ከተለመደው 30 ሰከንድ በላይ አይጠብቅም። "ይህ ዲስክ ሞቷል" ብሎ ግንኙነቱን እንደ አዲስ ያስጀምራል። ዲስኩ አሁንም መልስ ካልሰጠ ከሬይዱ ያስወጣዋል። እንደዚያው ሆነ። ሁለት ዲስክ ጎደለ። ሬይዱ ቆመ።

ለሬይድ የሚሠሩ ዲስኮች ለዚህ መላ አላቸው። ከ7 ሰከንድ በኋላ "አልቻልኩም" ብለው ለሬይዱ ይተዉለታል፤ ሬይዱ ከፓሪቲ አውጥቶ ይሞላዋል። ዴስክቶፕ ዲስክ ላይ ይህ ማስተካከያ ብዙውን ጊዜ የለም ወይም ጠፍቶ ይመጣል። ከሌለ ቢያንስ የከርነሉን ትዕግሥት ወደ 180 ሰከንድ ከፍ ማድረግ ይቻል ነበር። አላደረግኩም።

ትልቁ ስህተት ግን ይህ አይደለም። ሪቢልድ የሚያነበው ዲስኩን በሙሉ ነው፤ ፋይል ያለበትንም ባዶውንም። ለዓመታት ማንም ያልነካቸውን ቦታዎች ሁሉ በአንድ ሌሊት ይጎበኛል። በሐሙስ ጠዋት መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝ ዋናዎቹን ፋይሎች ወደ ሌላ ቦታ መገልበጥ ነበር። ግልበጣ የሚያነበው የሚፈለገውን ብቻ ነው። አንዱ ፋይል ላይ ቢደናቀፍ ሌላው ይተርፋል። ሪቢልዱ እስከዚያ ሊቆይ ይችል ነበር።

ማጥፋት፣ መለጠፍ፣ መቅዳት

ዓርብ ጠዋት ቡድኑ ውስጥ የነበረው ድባብ አይነገርም። አንዱ "አጥፍተን ብናበራው?" አለ። ሌላው ኢንተርኔት ላይ ያገኘውን ሬይዱን እንደገና የመፍጠር ትእዛዝ አሳየኝ። ሁለቱንም ከለከልኩ። ሬይድን እንደገና መፍጠር የዲስኮቹ ቅደም ተከተል ወይም ዳታው በየዲስኩ የሚከፋፈልበት ቁራሽ መጠን ትንሽ ከተሳሳተ የቀረውንም ሊያበላሽ ይችላል።

ሰርቨሩን አጠፋን። እያንዳንዱን ዲስክ ከማውጣቴ በፊት የቦታውን ቁጥርና የሲሪያል ቁጥሩን መጨረሻ ወረቀት ላይ ጽፌ ለጠፍኩበት። ፎቶም አነሳሁ። ከሳጥን የወጡ አራት ዲስኮች አንድ ዓይነት ናቸው፤ የቱ የቱ እንደነበር ከአንድ ሰዓት በኋላ ማንም አያስታውስም።

ከዚያ አዳዲስ ባዶ ዲስኮች ገዝተን ሬይዱ ውስጥ የቆዩትን የሦስቱን አሮጌ ዲስኮች ሙሉ ግልባጭ አወጣን። የተጠቀምኩት ዲዲሬስኪው የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ነው። ጥሩነቱ ጨዋ ነው። መጀመሪያ ጤነኛውን ቦታ ሁሉ በፍጥነት ይሰበስባል፤ ያስቸገረውን ይዘለዋል። በኋላ ተመልሶ የቀረውን በጥቂቱ ይቆረጣጥመዋል። የቱ እንደተነበበ፣ የቱ እንደቀረ ማፕ በሚባል ፋይል ይመዘግባል። መብራት ቢጠፋ እንኳ ከቆመበት ይቀጥላል።

1ኛውና 3ኛው በየ8 ሰዓቱ አለቁ። 2ኛው ሁለት ቀን ተኩል ፈጀ። በመጨረሻ ከ4 ቴራባይቱ ያልተነበበው 24 ሴክተር ብቻ ነበር። ባለ 4096 ባይት ሴክተሮች ስለሆኑ ጠቅላላው 96 ኪሎባይት ነው። ለ96 ኪሎባይት ነው ያ ሁሉ የቆመው።

ግልባጮቹን ይዤ የእያንዳንዱን የክንውን ቆጣሪ አየሁ። ሬይዱ በለወጠው ነገር ልክ ቁጥሩ ይጨምራል። 1ኛው፣ 2ኛውና 3ኛው ተቀራራቢ ናቸው። 4ኛው ግን ሎጉ እንዳሳየው 23 ቀን ወደ ኋላ ቀርቷል። ስለዚህ በሦስቱ ግልባጮች በግድ አስነሳሁት፤ በንባብ ብቻ ከፈትኩት። ፎልደሮቹ ወጡ። ከጀርባዬ የነበረችው መሪ ምንም አልተናገረችም፤ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

24ቱ ሴክተሮች

እዚህ ጋ ብዙ ሰው "ተሳካ" ብሎ ያቆማል። እንዳይቆም እመክራለሁ። ግልባጩ ላይ ያልተነበቡት ቦታዎች ዜሮ ናቸው። ዜሮ ሲነበብ ምንም ስህተት አይታይም። ፋይሉ በሰላም ይገለበጣል፤ ውስጡ ግን ቀዳዳ አለው። የሚታወቀው ከስድስት ወር በኋላ ደንበኛ ሲጠይቅ ነው።

ሌላም ነገር አለ። 4ኛው ዲስክ በሌለበት የሱ ዳታ የሚሰላው ከሦስቱ ነው። ከሦስቱ አንዱ ቀዳዳ ካለው የ4ኛው ስሌትም ይሳሳታል። ማለትም አንድ የጠፋ ሴክተር ሁለት ፋይል ሊጎዳ ይችላል።

የማፑን ቦታዎች ወደ ፋይል ስርዓቱ፣ ማለትም የቱ ፋይል የት እንዳለ ወደሚመዘግበው ክፍል፣ ብሎክ ቁጥር ቀየርኩ። ፋይል ስርዓቱ ኤክስት 4 ስለነበር ዲበግ-ኤፍኤስ የሚባለው መሣሪያ ከብሎክ ቁጥር ተነስቶ የፋይሉን ስም ይነግራል። አንዳንዶቹ ባዶ ቦታ ላይ ወደቁ። የተጎዱት ፋይሎች 11 ሆኑ።

ይህን ስሠራ ነው ጠረጴዛ ጥግ ላይ ያስቀመጥኩትን 4ኛውን ዲስክ ያየሁት። ልጥለው ነበር። ሌላ ኮምፒውተር ላይ ስሰካው ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለ ምንም ስህተት ተነበበ።

ዳታው የ23 ቀን አሮጌ ነው፤ ግን ሁሉም አይደለም። ባለፉት 23 ቀናት ያልተነካ ቦታ ላይ 4ኛው ዲስክ ዛሬም ልክ ነው። እና የፓሪቲውን ደንብ እናስታውስ። የአራቱም ዲስክ ቢቶች ተጋማሽ መሆን አለባቸው። ታዲያ የ2ኛው ቀዳዳ ከ1ኛው፣ ከ3ኛውና ከ4ኛው ሊሰላ ይችላል ማለት ነው።

መፈተሻውም እዚያው ደንብ ውስጥ አለ። ከቀዳዳው ግራና ቀኝ ያሉትን ጤነኛ ሴክተሮች ወስጄ የአራቱን ዲስክ ሒሳብ አየሁ። ውጤቱ ዜሮ ከሆነ፣ ማለትም የ1ዎቹ ብዛት ሁሉም ቦታ ላይ ተጋማሽ ከሆነ፣ ያ አካባቢ ከ23 ቀን ወዲህ አልተለወጠም፤ 4ኛውን ማመን ይቻላል። ዜሮ ካልሆነ ከጎኑ አዲስ ነገር ተጽፏል፤ አይታመንም። የፋይሎቹንም ቀን አመሳከርኩ። ሃያ መስመር የማይሞላ ስክሪፕት በቂ ነበር።

ከ11ዱ 8ቱ ሙሉ በሙሉ ተጠገኑ። የቀሩት ሦስት ናቸው። አንዱ ያለቀ ቪዲዮ ስለነበር እንደገና ተሠርቶ ወጣ። አንዱ ፕሮጀክት ፋይል ነው፤ ከ20 ደቂቃ በፊት በራሱ የተቀመጠው ቅጂ ተከፈተ። ሦስተኛው ጥሬ ቀረጻ ነው። መሃሉ ላይ ከአንድ ሰከንድ በታች ምስሉ ይሰባበራል። ኤዲተሩ ቆረጠው።

የጠፋው ያ ብቻ ነው። ሥራው ግን ዘጠኝ ቀን ቆሟል።

መነሻው ምን ነበር?

4ኛው ዲስክ ጤነኛ ከሆነ ለምን ወጣ? ዲስኮች ስለ ራሳቸው ስማርት የሚባል መዝገብ ይይዛሉ። በ4ኛው መዝገብ ላይ የተበላሸ ሴክተር የለም። ግን 199 ቁጥር ላይ ያለው ቆጣሪ ብዙ ሺህ አልፏል። ይህ ቆጣሪ የሚያድገው በዲስኩና በኮምፒውተሩ መካከል የሚሄደው መረጃ ሲበላሽ ነው። በአብዛኛው ጥፋተኛው ኬብል ወይም መሰኪያ ነው። የዚህኛውም ኬብል ነበር። ስነካው ላላ ብሏል።

በሌላ በኩል በ2ኛው መዝገብ ቁጥር 197፣ ማለትም ማንበብ ያቃቱትና ውሳኔ የሚጠብቁ ሴክተሮች ቆጣሪ፣ ዜሮ አልነበረም። መቼ እንደጀመረ ግን የሚያሳይ ነገር የለም፤ ማንም አይቶት አያውቅምና።

ሰዎች ስለ ሬይድ 5 ሲያወሩ አንድ ስሌት ይጠቅሳሉ። ተራ ዲስኮች መግለጫ ላይ ከ100 ትሪሊየን ቢት ውስጥ አንድ የማይነበብ ስህተት ሊኖር ይችላል ይላል። ይህ 12.5 ቴራባይት ነው። ከዚያ ተነስተው 12 ቴራባይት የሚያነብ ሪቢልድ መውደቁ አይቀርም ይላሉ። እኔ ይህን ማስፈራሪያ ብዙም አልቀበለውም። ቁጥሩ አምራቹ የሚፈቅደው የመጨረሻ ጣሪያ ነው፤ አብዛኞቹ ዲስኮች ከዚያ በጣም የተሻሉ ናቸው። የእኛን ሬይድ የጣለው ዕጣ አይደለም። ስክራብ አለመደረጉ ነው።

ስክራብ ማለት ሬይዱ ራሱን ከጫፍ እስከ ጫፍ እንዲያነብና እንዲያመሳክር ማዘዝ ነው። የማይነበብ ሴክተር ሲያገኝ ከፓሪቲ አስልቶ መልሶ ይጽፈዋል። 4ኛው ዲስክ በነበረበት ጊዜ በወር አንድ ሌሊት ቢደረግ ኖሮ፣ እስከዚያ የተበላሹት ሴክተሮች አንድ በአንድ ይጠገኑ ነበር። ብዙ የሊኑክስ ስርጭቶች ይህን በወሩ የመጀመሪያ እሑድ በራሳቸው ያደርጉታል። እዚህ ሰርቨር ላይ ግን ተዘግቷል። የለቀቀው ቴክኒሻን "ያዘገየዋል" ብለውት ነው አሉ የዘጋው። እውነትም ያዘገያል፤ ለአንድ ሌሊት።

አዲሱ አሠራር

ከዚያ በኋላ ጥበቃና ፍጥነትን ለየብቻ እንድናስብ ተስማማን። አንድ ሬይድ ሁሉንም እንዲሠራ መጠየቅ ነበር የቀድሞው ችግር።

ዋናው ማከማቻ ስድስት ባለ 8 ቴራባይት ዲስኮች በሬይድ 6 ሆነ። ሁለት ዲስክ ቢጠፋ ይችላል፤ 32 ቴራባይት ይሰጣል። ሬይድ 10 የሚሻል ይሆን ብለን ተከራክረን ነበር። ሬይድ 10 ዲስኮቹን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ያንኑ ዳታ ሁለት ቦታ ይጽፋል፤ ስለዚህ የሚሰጠው 24 ቴራባይት ነው። ትንንሽ ነገር ደጋግሞ ለሚጽፍ ዳታቤዝ ሬይድ 10 ይሻላል። ሬይድ 6 ላይ አንድ ትንሽ ጽሑፍ ሦስት ንባብና ሦስት መጻፍ ይጠይቃል፤ ዳታውና ሁለቱ ፓሪቲዎች ተነብበው ተመልሰው ይጻፋሉ። ቪዲዮ ግን ረጅም ነው፤ ሙሉ ረድፍ በአንዴ ስለሚጻፍ አሮጌውን ማንበብ አያስፈልግም። የእነሱ ሥራ ይህ ስለሆነ ሬይድ 6 መረጥን።

ዲስኮቹን ከሁለት ሞዴል ቀላቀልን። ሁሉም ከ7 ሰከንድ በኋላ የሚተዉ ናቸው። ኤስኤምአር የሚባለው፣ መስመሮቹን እንደ ጣሪያ ክዳን ደራርቦ የሚጽፍ ዓይነት አለመሆናቸውንም አጣራን። ያ ዓይነት ሪቢልድ ላይ እጅግ ይንቀራፈፋል። እ.ኤ.አ. በ2020 ዌስተርን ዲጂታል የተባለው አምራች ለሬይድ ብሎ ከሸጣቸው ዲስኮች አንዳንዶቹ ሳይነገር ኤስኤምአር ሆነው መገኘታቸው ብዙ አስጩኋል።

ፕሮጀክት ፋይሎች ትንንሽና ብዙ ናቸው። እነሱን ሁለት ኤስኤስዲ፣ ማለትም የማይሽከረከሩ ፈጣን ዲስኮች፣ ላይ ያንኑ ዳታ ሁለቱም ላይ በሚጽፈው ሬይድ 1 አስቀመጥን። የኤዲተሮቹ ጊዜያዊ ፋይል ደግሞ በየኮምፒውተራቸው ሁለት ኤስኤስዲ ላይ በሬይድ 0 ሆነ። አንዱ ቢሞት ሁሉም ይጠፋል፤ ግን ፕሮግራሙ መልሶ ይሠራዋል። ሬይድ 0ን ሁሉም ይሰድበዋል። እንዲህ ላለ ሥራ ግን ምርጥ ነው።

ባክአፕ ለብቻው መጣ። በየሌሊቱ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ይገለበጣል፤ ያለፉት ቀናት ቅጂዎችም ይቀመጣሉ። በየሳምንቱ ደግሞ ዋናዎቹ ሥራዎች የተገለበጡባቸው ዲስኮች ከሕንፃው ይወጣሉ። ሦስት ቅጂ፣ ሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ሌላ ቦታ የሚለውን ደንብ በሰፊው ያስተዋወቀው ፒተር ክሮ የተባለ ፎቶ አንሺ ነው። ከዳታ ማዕከል ሰው ሳይሆን ከፎቶ አንሺ መምጣቱ ደስ ይለኛል።

ያልሠሩ ነገሮች

መጀመሪያ ፍጥነቱን ለማሻሻል ሰርቨሩ ላይ የኤስኤስዲ ካሽ፣ ማለትም ተደጋግሞ የሚነበበውን በቅርብ የሚይዝ ፈጣን ማቆያ፣ ጨመርን። ምንም ለውጥ አልመጣም። ካሽ የሚጠቅመው ያው ነገር ደጋግሞ ሲነበብ ነው፤ አንድ ኤዲተር ግን 80 ጊጋባይት ቀረጻ አንዴ ያልፍበታል። ዋናው ማነቆ ደግሞ ሌላ ቦታ ነበር። ባለ 1 ጊጋቢት ኔትወርክ በሰከንድ ከ110 ሜጋባይት ብዙም አያልፍም። ስድስቱ ዲስኮች አብረው ከ500 በላይ ይሰጣሉ። ሦስት ሰው በአንዴ ሲሠራ ሦስቱም በዚያች ጠባብ በር ይጋፋሉ። ወደ 10 ጊጋቢት ስንቀይር ቅሬታው ጠፋ። መጀመሪያ መለካት ነበረብን። ካሹ በከንቱ ተገዛ።

ሬይድ 0ውም ጣጣ አላጣውም። አንዱ ኤዲተር "እዚህ ይፈጥናል" ብሎ ጥሬ ቀረጻ አስቀመጠበት። ነግረነው እንደገና አስቀመጠ። በመጨረሻ ከ14 ቀን በላይ የቆየውን ሁሉ የሚያጠፋ ስክሪፕት እንደሚሠራ አስታወቅን። ተቆጡ። ማስቀመጡ ግን ቆመ።

ማንቂያውን ለመሞከር አንድ ዲስክ ሥራ ላይ እያለ መዘዝኩ። ሳጥኑ ጮኸ። ኢሜይሉ አልመጣም። ስፓም ውስጥ ገብቶ ተገኘ። ይህን ልምምድ ባናደርግ ኖሮ ያው የ23 ቀኑ ታሪክ ይደገም ነበር። ያው ዲስክ ተመልሶ ሲገባ ሙሉ ሪቢልድ 19 ሰዓት ፈጀ። በወረቀት ስሌት 12 ሰዓት ገደማ ነበር። ልዩነቱ ሰው እየሠራበት መሆኑ ነው።

ለሌላ ቦታ የሚሆነው

ሬይድ ያላችሁ ሰዎች ዛሬ አንድ ነገር ብቻ ብታዩ፣ ማንቂያው ወደ ማን እንደሚሄድ እዩ። ቢያንስ ወደ ሁለት ሰው ይሂድ። ዲስክ መዝዛችሁ ሞክሩት፤ ባክአፕ ካላችሁ ብቻ ነው ታዲያ።

ዲስክ ሲወድቅ ሬይዱ ገና የሚነበብ ከሆነ መጀመሪያ ቅዱ፣ ከዚያ ሪቢልድ አድርጉ። የወጣውን ዲስክ አትጣሉ፤ አታጽዱትም። ዲስክ ነው ወይስ ኬብል የሚለውን የስማርት መዝገብ ይነግራችኋል። ሁለት ከወደቀ ደግሞ እጃችሁን ሰብስቡ፤ ግልባጭ ሳይወጣ አሮጌዎቹ ላይ አንድም ነገር አይጻፍ።

ባክአፕን በተመለከተ፣ ከአራት ወር በኋላ አንዱ በስህተት የአንድ ደንበኛ ፎልደር በሙሉ አጠፋ። ሬይድ 6 ትእዛዙን በታማኝነት ፈጽሞ ከስድስቱም ዲስክ ላይ በቅጽበት አጠፋው። ከሌሊቱ ቅጂ ለመመለስ 15 ደቂቃ በቃን። የኤዲተሩ ፊት ላይ ደም እስኪመለስ ግን ትንሽ ቆየ።

ባለፈው ወር ስክራቡ ከአንዱ ዲስክ ላይ ሦስት የማይነበቡ ሴክተሮች አግኝቶ ጠገናቸው። መልእክቱ ጠዋት ለእኔና ሥራውን ለምትመራው ሴት ደረሰ። ገና ሳልነሳ ስልኬ ጮኸ።

"አየኸው?" አለችኝ።

"አየሁት። ከጨመረ ዲስኩን እንቀይረዋለን።"

"እኔ አዝዣለሁ" አለች፤ "ይጨምር አይጨምር አልጠብቅም።"